ጨረቃዋ የት ነበረች?

ስለ ሜታል ሙዚቃ ስንጽፍ ‹‹ይሄ ደግሞ ከመምህርነት ጋር ምን አገናኘው?›› የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ትንሽ ታገሡን።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን ከመካከላችን አንዱ የኮርንን አልበም ከፈተልን። ኮርን እ.ኤ.አ. በ1993 በካሊፎርኒያ፣ በቤከርስፊልድ ከተማ የተመሠረተ ባንድ ነው። የሚታወቀውም ባለ ሰባት ክር ጊታሮችን ዝቅ አድርጎ በመቃኘት በሚያወጣው ወፍራም ድምፅ ነው። በዲሴምበር 2011 ያወጣው አሥረኛ አልበሙ ‹‹ዘ ፓዝ ኦፍ ቶታሊቲ›› ግን ጊታሩን ከደብስቴፕ ጋር አደባለቀው። ደብስቴፕ በደቡብ ለንደን የተወለደ፣ በኮምፒውተር የሚቀናበር የጭፈራ ሙዚቃ ነው። በደቂቃ 140 ያህል ምት ይቆጠርበታል፤ ከበሮው ግን በግማሽ ፍጥነት የሚራመድ ይመስላል፤ ባሱም ደረት ያንቀጠቅጣል።

ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን ‹‹ሁለት ሬዲዮ ባንዴ እንደ መክፈት ነው እኮ!›› አልን። ሌሎቻችን ‹‹ኧረ እስቲ ደግማችሁ ስሙት፤ ጊታሩ ለባሱ ቦታ ሲለቅለት አይሰማችሁም?›› ብለን ተሟገትን። የባንዱ የቀድሞ አድማጮችም በጊዜው እንደኛው ተከፋፍለው ነበር።

ሁላችንንም ያስማማን አንድ ነገር ብቻ ነው። ከ11ዱ ዘፈኖች 3ቱን አብሯቸው የሠራው ስክሪሌክስ ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ኮርን ሲመሠረት የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር ማለት ነው። ዘጠኝ አልበም ያወጡ ሰዎች ከልጅ ጎን ቁጭ ብለው አዲስ ሥራ ተማሩ።

ከዚያ የአልበሙ ስም ምን ማለት እንደሆነ ተጠየቀ። ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን የጨረቃ ጥላ በምድር ላይ የሚያልፍበት ጠባብ መስመር ነው፤ ከመስመሩ ውጭ የቆመ ሰው ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን አያይም። ይህን ስናብራራ ድንገት ጸጥ አልን።

ምክንያቱም በማስተማር ልምምዳችን ወቅት ይህንኑ ግርዶሽ አስተምረን ነበር። ሰሌዳው ፊት የቆመው ማን እንደ ነበረ ይቅር፤ ሌሎቻችንም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን እያየን ዝም ስላልን ጥፋቱ የጋራችን ነው። መጀመሪያ ፀሐይን፣ ቀጥሎ ምድርን፣ ከምድር ወዲያ ጨረቃን ሣልን። አንድ ልጅ እጁን አወጣና ‹‹ቲቸር፣ ይሄ እኮ የጨረቃ ግርዶሽ ነው፤ ለፀሐይ ግርዶሽ ጨረቃዋ መካከል ነው የምትሆነው›› አለ። ‹‹ቁጭ በል! ሳትጠየቅ አትናገር›› አልነው። በማግስቱ ሥዕሉን አስተካክለን ሣልነው፤ ልጁን ግን አላነሣንም። ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ያ ልጅ እጁን ሲያወጣ አላየነውም።

መምህር ተሳሳተ እንዳይባል ፈርተን ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም። ኮርን ግን ከወጣቶቹ በመማሩ ኮርንነቱን አላጣም፤ በ2013 ባወጣው ቀጣይ አልበሙ ጊታሩን እንደገና ወደ ፊት አምጥቶታል።

በሚቀጥለው ወር ለልምምድ ወደዚያው ክፍል እንመለሳለን። ሰሌዳው ላይ ምንም ከመጻፋችን በፊት በጓደኞቹ ፊት ‹‹ልክ ነበርክ፤ የተሳሳትነው እኛ ነን›› ልንለው ተስማምተናል። ጠመኔውንም ለሱ እንሰጠዋለን።

ስለ አልበሙ ግን እስካሁን አልተስማማንም።