በሐኪም ጋራ መንገድ ላይ የተማርነው

ልጅን ለማሳደግ ፍቅር ብቻ ይበቃል ብለን እናምን ነበር። ነገር ግን ማስተዋል ያልተጨመረበት ፍቅር የሚወዱትን ልጅ ሊያስጨንቅ እንደሚችል ከገዛ ልጃችን ተማርን።

ልጃችን 4 ዓመት ሲሞላው ስሙ ቢጠራ አይዞርም፤ የለስላሳ ቆርኪ በመደዳ ሲደረድር ይውላል፤ ድርድሩ ሲፈርስበት ግን ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። በሐረር፥ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ይዘነው ስናልፍ የባጃጁ ጩኸትና ሰላም ሊለው የሚዘረጋው እጅ ሁሉ ያስደነግጠው ነበር። ከጎረቤት አንዱ «አሳዳጊ የበደለው» ሲል፥ ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» ይል ነበር። እኛም አፍረን እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ ጓዳ ማስገባት ጀመርን። ይህን በደላችንን ዛሬ ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

በኋላ ሐኪም መርምሮ ኦቲዝም መሆኑን ነገረን። ይኸውም ከአእምሮ ዕድገት ጋራ የተያያዘ ሁኔታ ነው እንጂ እርግማንም፥ ያሳዳጊ ጉድለትም አይደለም። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት መሠረት፥ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረው። እንግዲህ በየሰፈሩ እንደኛ ልጁን በጓዳ የሸሸገ ስንት ቤተ ሰብ ይኖር ይሆን?

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከቢሮ ስንወጣ ልጃችንን ወደ ሐኪም ጋራ ይዘነው እንወጣ ነበር። ከላይ ሆነው ሲመለከቱት ጀጎል በግንቡ እንደ ተከበበ ይታያል፤ ሁካታው ግን አይሰማም። ልጁ እዚያ ሲደርስ ይረጋጋ ስለ ነበር፥ መድኃኒቱ ጸጥታው ነው አልን። አንድ ቀን ግን በሌላ አቅጣጫ ብንወጣ፥ ጋራው ያው ሆኖ ሳለ፥ ከመንገድ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ያረጋጋው የነበረው ጸጥታው ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቁ መሆኑ ያን ጊዜ ገባን። ስለዚህ እናቱ የቀኑን ውሎ፥ ቁርሱን፥ ልብሱን፥ የሚሄድበትን መንገድ፥ በካርቶን ላይ እየሣለች በየጧቱ ታሳየው ጀመር። ጩኸቱም እያደር ቀነሰ።

ትምህርት ቤት ያስገባነው ጊዜ፥ የመጀመሪያው «ሌሎቹን ይረብሻል» ብሎ በ3ኛው ቀን መለሰልን። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስም ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች እየመለሱባቸው ቢቸገሩ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማእከል አቋቋሙ። እሳቸው በ2021 ቢያርፉም ለብዙ ወላጆች መንገድ አሳይተው አልፈዋል። ሆኖም አዲስ አበባ ከሐረር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና፥ የእኛ ልጅ መማር የሚችለው በሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው።

በሁለተኛው ትምህርት ቤት ያገኘናት መምህርት የእናቱን ካርቶኖች ባየች ጊዜ የክፍሉን የቀን ሥራ በሥዕል ከሰሌዳው ጥግ ለጠፈች። ደወል ሊደወል ሲል በእጅዋ ምልክት ትሰጠዋለች፤ ሲጨንቀውም ከዛፉ ጥላ ሥር ጥቂት ተቀምጦ እንዲመለስ ትፈቅድለታለች። ይህ ሁሉ ካርቶንና እርሳስ እንጂ የተለየ በጀት አላስፈለገውም። ሌሎቹም ልጆች ሥዕሉን እያዩ ደብተራቸውን ሳይታዘዙ ማውጣት ለመዱ።

ዛሬ ልጃችን 9 ዓመቱ ነው። ንግግሩ አሁንም ጥቂት ነው፤ ቆርኪውንም አልተወም፤ ነገር ግን ፊደል ለይቷል፥ አጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛም አለው። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላልና፥ መምህራንና የትምህርት ሹማምንት እንዲህ ያለ ልጅ ከበራቸው ሲደርስ ከመመለሳቸው በፊት ምን እንደሚያስፈራው ወላጁን እንዲጠይቁ እንለምናለን። እኛም በቤታችን እንግዳ ሲመጣ ልጃችንን ወደ ጓዳ ማስገባት ትተናል፤ እንግዳ እንደሚመጣ ግን በጧቱ እንነግረዋለን።