ከአስፋልቱ ስንት ያርቁናል?

አሰቦትን ለቅቄ ስወጣ የከተማዋ ፊት ወደ ባቡር ጣቢያው ነበር። ሻይ ቤቱም፣ አልጋ ቤቱም፣ የእንቁላልና የብርቱካን ሻጮቹ መደዳም ሐዲዱን ተከትሎ የተሰለፈ ነው። ባቡሩ ከድሬዳዋ በኩል ሲመጣ ኮንትሮባንዱ ከወንበር ሥር፣ ወሬው በየበሩ ይወርድ ነበር። ዘንድሮ ከፍራንክፈርት ስመለስ ከተማዋን ዞራ አገኘኋት። ፊቷን ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ ለሚያልፈው አስፋልት ሰጥታለች፤ ሐዲዱ ጓሮ ሆኗል። ያልተነቃነቀው የአሰቦት ገዳም ያለበት ተራራ ብቻ ነው።

ያዞራት ፕላን አውጪ አይደለም። የፈረንሳዮቹ መስመር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ እስኪደርስ 1909 ሆነ። አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶና አሰቦት ደህና ገበያ ያገኙት በጣቢያቸው ምክንያት ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ሲቋረጥ ገበያው ባቡሩን አልጠበቀም፤ ዕቃውን ሸክፎ መኪና ወደሚቆምበት ሄደ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላ የቻይና ኩባንያ ሠራው። ጥሩ ነው፤ ግን ዋና ሥራው ኮንቴይነር ማመላለስ ስለሆነ እንደ አሮጌው በየጣቢያው ቆሞ እንቁላል አያስገዛም።

የአሰቦት ሰው እንግዲህ ቤቱ ሳይፈርስ ኑሮው ሲፈርስ አይቷል። ስለዚህ «ልማት ሊመጣ ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ ከካሳው በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ። መንገድ ዳር ሻይና ሆጃ የሚሸጡ፣ ልጅ ሳለሁ የሚያውቁኝ እትዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ «ከአስፋልቱ ስንት ያርቁናል?» ፈረንጅ አገር ስለኖርኩ መልሱን የማውቅ መስሏቸው ነው። ልጆቻቸውን ያስተማሩት ሻይ ከሚሸጡባት በር ላይ ነው፤ መኝታው ከጀርባዋ ያለች አንድ ክፍል ናት።

ወሬው መሠረት አለው። የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፒያሳን አፍርሶ ጀመረ፤ በ2017 ካዛንቺስ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ክልል ከተሞች ተሻገረ። ጭሮ ስወጣም (አዛውንቶቹ አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው የሚሏት) ሰው ሻይ ይዞ የሚያወራው ስለዚሁ ነው፤ ማን ይነሳል፣ ማን ይቀራል፣ ምትክ ቦታው የት ነው። ጭሮ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሜዳው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚያው ስላለ መምህሩም ሠራተኛውም ቤት ይከራያል። የዋናው መንገድ ዳር ቦታ እዚያ ወርቅ ነው።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ፤ ለዜጋው የቀረው በላዩ የሠራው ነው። የካሳ አዋጁም፣ ማለትም የ2011ዱ ቁጥር 1161፣ የሚከተለው ይህንኑ ነው። ገማቹ ሲመጣ ቆርቆሮውን፣ ጭቃውን፣ አጥሩን፣ ዛፉን ይቆጥራል፤ ቦታው ራሱ በዋጋ አይቆጠርም። ቦታው ወደ ሊዝ ጨረታ ሲወጣ ግን የሚሸጠው ያ ያልተቆጠረው ነገር ነው። የእትዬ ቤት ጭቃ ነው፤ ዋጋው ያለው በሩ ላይ ነው። ያንን በር መንግሥት ሳይከፍላቸው ይወስደዋል፣ ለሌላው ግን በካሬ ሜትር ያጫርተዋል። ይህን ፍትሐዊ ነው የሚለኝን ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ሕጋዊ ነው የሚለኝ ግን ሞልቷል።

የሚገርመው አዋጅ 1161 ራሱ መውጫ ቀዳዳ መተዉ ነው። ይዞታው መልሶ እንዲለማ በተከለለ ቦታ ውስጥ ያለ ሰው፣ በፕላኑ መሠረት ለብቻውም ሆነ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ለማልማት ቅድሚያ መብት አለው ይላል። አሰቦት ላይ ሳነሳው «እንዲህ የሚል አለ እንዴ?» ያሉኝ ይበዛሉ። መብቱ ወረቀት ላይ አለ፤ የሚያስፈልገው ጊዜ፣ ብድርና የጋራ ፕላን ነው። አንድ መደዳ ሱቅና ቤት በማኅበር ተደራጅቶ ባለሁለት ፎቅ ቢሠራ፣ ከታች ንግዱ ከላይ መኖሪያው ቢሆን መንገዱም ይሰፋል፣ ሰውም አይሰደድም።

ይህ የእኔ ቅዠት አይደለም። ባቡሩ ድሬዳዋ በገባበት በፈረንጆቹ 1902፣ እኔ የምኖርባት ፍራንክፈርት በከንቲባዋ ፍራንዝ አዲከስ ስም የሚጠራ ሕግ አገኘች። የተበጣጠሰው መሬት አንድ ላይ ይደመራል፣ ለመንገድና ለአደባባይ የሚሆነው ከሁሉም ላይ ይቀነሳል፣ የተረፈው በድርሻ ለየባለቤቱ ይመለሳል። ቦታህ ይጠባል እንጂ አትባረርም። የዚያ ሕግ ዓላማ የከተማው ዳርቻ ነበር፤ ጃፓኖች ግን ቶኪዮ በ1923 በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም ይህንኑ ዘዴ የተቃጠለውን መሀል ከተማ ለማደላደል ተጠቀሙበት። መሬት የመንግሥት በሆነበት አገር ይህ አይሠራም የሚል ይኖራል። የሚደላደለው ባለቤትነቱ ሳይሆን ይዞታው ነው፤ ይዞታ ደግሞ እኛም ጋ በካርታ የተለየ ነው።

ካርታ የሌለውስ? የቀበሌ ቤት ተከራዩ፣ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ፣ ጉሊቷ? እዚህ ላይ የፍራንክፈርቱም ሕግ አይረዳም፤ እሱ የባለቤቶች ሕግ ነው። ከተማው ለተከራዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን የሠራው ዘግይቶ፣ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ውስጥ ነው። በእኛ አገር ኮንዶሚኒየም ለአዲስ አበባ ብዙ ቤት ሰጠ፤ በክልል ከተሞች ተሞክሮ ግን አልዘለቀም። ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎች ገላን ጉራ ድረስ መሄዳቸውን ያየ ሰው፣ በአሰቦት ልክ ያለው «ዳርቻ» ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ባጃጅ የማይገባበት፣ ሻይ የሚጠጣ መንገደኛ የማያልፍበት። ለእነሱ የሚያስፈልገው ፎቅ ሳይሆን ዝቅተኛ ኪራይ ያለው፣ ከገበያው በእግር የሚደረስ ተራ የብሎኬት ቤት ነው። በትንሽ ከተማ ይህ ርካሽ ነው፤ ፕላኑ ላይ ቦታ ከተተወለት ማለቴ ነው።

አሁን ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎች። በየከተማው የሊዝ ዋጋ ከሚያንሩት መካከል እኛ አለንበት፤ ዩሮና ዶላር ይዘን ስንጫረት ሻይ ሻጯ ከእኛ ጋር አትወዳደርም። እኔም ሳልጠየቅ አልቀረሁም፤ አንድ ደላላ «መንገድ ዳር፣ ነፃ ቦታ» አለኝ። ሄጄ ሳየው ሰው ይኖርበታል።

አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ጭሮ፣ በዴሳ ወይም ገለምሶ ላይ ቦታ ልትይዙ የምታስቡ ወገኖቼ፣ ከመጫረታችሁ በፊት ቦታው ላይ ማን እንደነበረና የት እንደሄደ ጠይቁ። ነባሮቹ ስለ ቅድሚያ የማልማት መብታቸው ካልተጠየቁ አትጫረቱ። ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ከእነሱ ማኅበር ጋር በድርሻ ግቡ፤ ሕጉ በጋራ ማልማትን ይፈቅዳል።