ጎ፥ ዌንት፥ ጎን

ሁለተኛ ደረጃ ሳለን የእንግሊዝኛን ግሥ «ጎ፥ ዌንት፥ ጎን፤ ፋይት፥ ፎት፥ ፎት» እያልን እንደ ዳዊት ደገምነው። ሸመደድነው እንጂ አፋችን አልተፈታበትም።

አንድ ቀን መምህራችን በ1888 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የዐድዋ ጦርነት በእንግሊዝኛ ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ታሪኩን አሳምሮ ሲያወራ፥ «ፎት» በማለት ፈንታ «ፋይትድ» ቢል ሁላችንም ሳቅንበት። እርሱም ተቀመጠ፤ ዓመቱ እስኪያልቅ በክፍል ውስጥ ድምፁን አልሰማንም።

ዳሩ ግን ያ ወንድማችን የተሳሳተው ሕግ አክብሮ ነው። «ዎክ» «ዎክድ» ከሆነ፥ «ፋይት» ስለምን «ፋይትድ» አይሆንም? «ዌንት» እንኳ «ዌንድ» ከሚባል ከሌላ ግሥ የተወሰደ ኃላፊ ጊዜ ነው። የእኛስ ቋንቋ? የዛሬው «ነው» ለትናንት «ነበረ» ይሆናል፤ «መጣ» የምንለውን ሰው ስንጠራው «ና» እንላለን። አማርኛ የሚማር እንግዳ «ምጣ» ቢለን፥ አርመን «ጎበዝ!» እንለዋለን። ለጓደኛችን ግን ይህንኑ ነፈግነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ እዚህም የምንማረው በእንግሊዝኛ ነውና፥ አጠገባችን ያለው ተማሪ ግሥ ቢስት ከመሳቃችን በፊት ነገሩን እስኪጨርስ እንስማው። እኛ ያን ቀን የዐድዋን ታሪክ መጨረሻ ሳንሰማ ቀርተናል።