ቀንድ አለው ወይ?

አደን ስንል አንባቢ አንበሳና ዝሆን እንዳይጠብቅብን። የኛ አደን ቆቅና ድኩላ ነው፤ ያውም ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ፣ በሰሜን ሸዋ የወፍ ዋሻ ጫካ ከእርሻው በሚዋሰንበት ገደላ ገደል። ቆቅ ገድሎ የፎከረ ሰው መቼም አልሰማንም።

ወራቱ መፀው ነው። ክረምቱ መስከረም 25 ቀን ይወጣል፤ ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ ሥጋ ስለማይበላ አደኑም ያበቃል። ያለን ሰባት ሳምንት ነው፤ ከዚያም ላይ ረቡዕና ዓርብ ይቀነሳል።

ቆቅን የምንይዘው በፈረስ ጭራ ነው። ጭራውን ገምደን ሸምቀቆ እንሠራና እህል ለመልቀም በምትመላለስበት መሽሎኪያ ላይ እንተክላለን። ቆቅ ካልጨነቃት አትበርም፤ የምትሸሸው በእግሯ ነውና አንገቷን ራሷ ታስገባለች። ትዕግሥት አጥተን ዱላ የወረወርን ዕለት ግን ነገሩ ያው ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ ነበር።

ድኩላ የልጅ ሥራ አይደለም። ጠመንጃ ያላቸው ጎረቤታችን፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ እንስት አትመታም። በብርሃን መለየቱ ቀላል ነው፤ ወንዱ ጠቆር ያለና ቀንዳም፣ ሴቷ ቀላ ያለችና ቀንድ የሌላት ናት። ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። ውሻ እየመሰለን ስንቴ ተታለናል!

አንድ የጥቅምት ምሽት ገደሉ ደብዝዞ ነበር። የጋሼንም ዓይን ሞራ ጀምሮታል፤ እኛን ያስከተሉትም ለዚሁ ነው። ከኮሶው ሥር አንድ ነገር መጥቶ ቆመ።

«ልጆች፣ ቀንድ አለው ወይ?» አሉ በሹክሹክታ።

እውነቱን ለመናገር አላየንም። ጆሮ ይሁን ቅርንጫፍ አልለየንም። ከቀትር ጀምረን አድፍጠን ርቦናል፣ በርዶናል፤ ባዶ እጅ ብንመለስ ደግሞ በነጋታው እረኞቹ እንዴት እንደሚስቁብን እናውቃለን።

«አለው፣ አለው!» አልን።

አንድ ጥይት። ሳይባረክ የሞተ በክት ነውና ጋሼ ቢላዋቸውን መዘው ሮጡ፤ እኛም እየጮኽን ተከተልን። ቀንድ የላትም። ባረኳት። ሆዷን ሲከፍቱ ገና ፀጉር ያላበቀለ ግልገል ወጣ። ቢላዋውን በሳር ጠርገው ዝም አሉ።

«ማነው አለው ያለኝ?»

«እኛ» አልን።

«እኛ ማን?»

መልስ አልነበረንም።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን እንደሚከለክል አንብበናል፤ ያኔም ወጥቶ ነበር። ታዲያ እኛን የሚቆረቁረን አዋጁ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጋሼ ሥጋውን አከፋፍለውን እሳቸው አልቀመሱም። በመንደሩም «ዓይናቸው ደክሞ እንስት መቱ» ተብሎ ተወራ። እኛ አንገታችንን ደፋን እንጂ፣ ኧረ ያጠፋነው እኛ ነን ያለ ከመካከላችን አልተገኘም። ጠመንጃውንም ከዚያ ወዲህ ይዘው ሲወጡ አላየንም።

ባለፈው መስቀል አገር ቤት ስንሄድ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። በድምፃችን ለዩን። እንድንቀመጥ አዘው፣ ስለ ትምህርታችን ጠይቀው፣ ጠላ አስቀዱልን።

«ቆቁ ዘንድሮ በዝቷል አሉ። አያችሁ?»

«አይተናል፣ ጋሼ።»

ይህን እንኳ በእርግጥ አይተን ነበር።