ኮምፕሬሽን የላትም

ዶቅዶቄዋ ድምፅ አጥፍታ የቆመችው ከሚዛን ወደ ቴፒ ስንሄድ፣ ሸኮ ሳንደርስ አንዱ ዳገት ላይ ነው። ከኋላዬ የቴፒ ካምፓስ ተማሪ ከነሻንጣው ተቀምጧል። ለማስነሳት መርገጫውን ስረግጠው እግሬ ባዶውን ወረደ። ሞተር ሳይክል አስነስታችሁ የምታውቁ ይገባችኋል፤ ጤነኛ ሞተር እግርን መልሶ ይገፋል፣ ይታገላል። ይሄኛው ዝም ብሎ ዋጠኝ።

"ቤንዚን አላት ግን?" አለኝ ተማሪው። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነበራት። ካንዴላውን ፈትቼ፣ ከነገመዱ የሞተሩ ብረት ላይ አስጠግቼ ረገጥኩ። ሰማያዊ ብልጭታ። እሳትም አለ ማለት ነው። የቀረኝን አንድ ነገር ሞከርኩ፤ አውራ ጣቴን የካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጭኜ እንደገና ረገጥኩ። ጣቴን ገፍቶ ማስፈንጠር የነበረበት አየር እንደ ሕፃን ትንፋሽ ነካ አድርጎኝ ጠፋ።

ተማሪው ቴፒ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ፣ ሒሳብም አልከፈለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ዶቅዶቄዋን ሚዛን የመለሳት አይሱዙ ነው። ወንድሜ በሁለት ዓመት የቡና ገንዘብ የገዛትን ንብረት በገመድ አስሬ ከሙዝ ጋር ጭኜ ስመለስ ምን እንደምለው እያሰብኩ ነበር። ያልኩት ይሄን ነው፦ "በድንገት ጠፋች።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ስልኬ ላይ "ኮምፕሬሽን" ብዬ ስፈልግ፣ ከሚወጣው ሁሉ አንድ ፈረንጅ ሐይቅ ዳር ጄት ስኪ ሲፈታ አገኘሁ። ውኃ ላይ የሚነዳ ሞተር ሳይክል በሉት። የሱም በድንገት ነው የቆመበት። ሁለት ሲሊንደር ስላለው ሥራው ቀላል ነው፦ አንደኛውን ይለካል፣ ሁለተኛውን ይለካል፣ ልዩነታቸው ሰፊ ከሆነ ዝቅ ያለው ተበልቷል። እኔ ግን አንድ ሲሊንደር ነው ያለኝ፣ የማስተያየው ጎረቤት የለውም። ደግሞ የሱን ሞተር የሚያሰጋው ውኃ መግባቱ ነው፤ እኛ ሰፈር ውኃ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚገባው። እዚህ ጋ ስደርስ ቪዲዮውን ዘጋሁት።

በነጋታው ጋራዥ ሄድን። ጋራዡ ሁለት ቆርቆሮና አንድ የማንጎ ዛፍ ነው፤ መካኒኩን ሁሉም "ጋሼ" ነው የሚለው። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ያወቅኩት እሱ ዘንድ ቁጭ ብዬ ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፊልትሮ፣ ፋሻ። ፋሻ ሲል የቁስል ፋሻ እንዳይመስላችሁ፣ ፒስተኑን የሚከቡትን የብረት ቀለበቶች ነው። ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን ከ9 እስከ 10 እጥፍ አጥብቦ ሲጨምቀው በጎን እንዳያመልጥ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ጋሼ መለኪያውን በካንዴላው ቦታ አሰረና "ጋዙን እስከ መጨረሻው ያዝልኝ" አለኝ። ደጋግሞ ረገጠ። መርፌዋ 60 ላይ ቆመች። "ደኅና ብትሆን 150 አካባቢ ትላለች" አለ፤ ሚዛን ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ትንሽ ሳሳ ይላል፣ እሱ ግን ይሄን ያህል አያወርድም። ወንድሜ ዋጋ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ጋሼ በእጁ አስቆመው። አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው አፍስሶ ደግሞ ረገጠ። 110።

"ቫልቭ ወይ ጓርኒሲዮን ቢሆን ዘይቱ ምንም አይቀይረውም ነበር" አለን። "ዘይቱ የደፈነው ፒስተኑና ግድግዳው መሀል ያለውን ክፍተት ነው። ፋሻዋ አልቋል።"

"በአንድ ቀን?" አለ ወንድሜ።

"የምን አንድ ቀን! ሲሳሳ፣ ሲሳሳ ቆይቶ ትናንት ማቀጣጠል ከማይችልበት ደረሰ እንጂ። ጭስ አልነበራትም?"

ነበራት። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ነበራት፣ ዘይትም ትጨርስ ነበር፣ ዳገት ላይም ማርሽ ቶሎ ታስለውጠኝ ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ።

ቴስታታው ሲነሳ የሲሊንደሩ ግድግዳ ድመት የቧጨረው ይመስላል፣ ከላይ እስከ ታች። ጋሼ የአየር መግቢያውን በጣቱ ጠርጎ አሳየን። ቀይ አፈር። ከዚያ የማጣሪያውን ሳጥን ከፈተ። ባዶ ነው።

"ስፖንጁን ማነው ያወጣው?"

እኔ ነኝ። ታኅሣሥ ላይ ዝናቡ ቆሞ ወደ ቡና ማሳዎቹ የሚያስገባው መንገድ ዱቄት ሲሆን፣ ስፖንጁ በአቧራ ታፍኖ ሞተሩን ከበደው። አንድ ጓደኛዬ "አውጣውና ስትበር እያት" አለኝ። አወጣሁት፣ እውነትም በረረች። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ አሸዋ ስታስውጠኝ ሳይሆን ሳስውጣት ነበር። ማጠብ እኮ ሩብ ሰዓት አይፈጅም! ያኔ ግን ጋሼ ፊት አንድም ቃል አልወጣኝም። ወንድሜ "እኔ እንጃ፣ ስገዛትም እንደዚህ ሆና ይሆናል" አለ። ሲገዛት አዲስ ነበረች።

ሲሊንደሩ ጅማ ወደሚገኝ ቶርኖ ቤት በአውቶቡስ ተላከ። 0.50 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ፣ በዚያው ልክ ትልቅ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ሊገባለት። እስኪመለስ ወንድሜ ሥራ አልነበረውም፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዱ ተነስቶ ደጅ ላይ ይቀመጣል። አምስት ቀን አየሁት።

በስድስተኛው ቀን ስፖንጁን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ፣ ከነፌስታሉ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። "እኔ ነኝ" አልኩት።

ፌስታሉን ከፍቶ አየ። "አውቃለሁ" አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ላምባ በጣሳ አምጥቶ ስፖንጁን ደጋግሞ አጠበው፣ ውኃው ቀይ ቀይ እያለ ወረደ፤ ውኃ ስል ላምባው። ጨምቆ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ሲደርቅ እጁን ዘረጋ።

"ዘይት አቀብለኝ።"

ቁልፉን ግን እስከ ፋሲካ አልሰጠኝም።