ወታደር ነበርክ ወይ?

ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ በሌበር ዴይ ሰሞን መስኮት ከፍቶ ስልክ ማውራት የማይታሰብ ነው። ከኤግዚቢሽን ሜዳው ፊት ለፊት፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ የሚካሄደው የአየር ትርኢት እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የበጋው መዝጊያ ነው። ተዋጊ ጄቶች ሐይቁን ይዞሩና የጄምሰን ጎዳናን ፎቆች ሊነኩ የደረሱ እስኪመስል ያጓራሉ፤ ቁምሳጥን ውስጥ ብርጭቆው ይንጫጫል። ልጆች በረንዳ ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ። ትልልቆቹ ላይ ግን ድምፁ እኩል አያርፍም። እኛ ሕንጻ ውስጥ፣ ሰኔ 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ገበያ ላይ ሚግ በቦምብ የሠራውን የሚያውቁ እናት አሉ፤ እነዚያን ቀናት መጋረጃ ጋርደው፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርገው ነው የሚያሳልፉት። ልጆቻቸው "እማዬ፣ ትርኢት እኮ ነው" ይሏቸዋል። ትርኢት መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ።

እኔ የምጠብቀው ሌላ ድምፅ ነው። ጄቶቹ ጋብ ሲሉ፣ አንዳንድ ዓመት፣ ሐሚልተን ካለው ሙዚየም የሚነሱ አሮጌ ባለ ፕሮፔለሮች በዚህ በኩል ብቅ ይላሉ። ከነሱ መካከል ዳኮታ ካለች ሥራዬን ጥዬ በረንዳ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ዝግ ብሎ የሚንደቀደቅ። ዓይኔን ጨፍኜም አውቃታለሁ።

ለማያውቃት ወጣት በአጭሩ፦ የዳግላስ ኩባንያ ዲሲ 3 የተባለውን የመንገደኛ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወለሏን አጠንክረው፣ ጎኗ ላይ ሰፊ የጭነት በር ከፍተው፣ ሲ 47 ብለው ወታደር ጫኑባት። እንግሊዞችና ካናዳውያን ዳኮታ አሏት፤ የእኛም ሰው በዚሁ ስም ያዛት። ከ10,000 በላይ ተሠሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ይህ ሁሉ ብረት ሥራ ፈታ።

ሥራ ከፈቱት አምስቱ ወደ እኛ መጡ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1945 ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ጋር ተዋውሎ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አቋቁሞ ነበር፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአምስቱ አንዷ ከአዲስ አበባ ተነስታ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባች። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ልክ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ብትቆጥሩ፣ መጋቢት 1928፣ የማይጨው ጦርነት ነው። ያን ጊዜ በሰማያችን ላይ የነበረው የጣሊያን አውሮፕላን የጫነው የመርዝ ጋዝ ነበር።

እኔና ዳኮታ የተዋወቅነው ባሕር ዳር ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ። አጎቴ አዲስ አበባ ወስዶ ሊያስተምረኝ ቆርጧል፤ አያቴ እምዬ ዓይናቸውን ሊታከሙ፣ አክስቴ እትዬ ደግሞ ሁለታችንን ሊጠብቁ አብረን ተነሳን። በአውቶቡስ ቢሆን ደብረ ማርቆስ አድሮ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ነው። አጎቴ "አሮጊት በዚያ ጠመዝማዛ አላንገላታም" ብሎ ትኬት ላከ። የላከው የአውሮፕላን ትኬት መሆኑን ግን ለእምዬ የነገራቸው አልነበረም።

እምዬ ልጃገረድ ሳሉ፣ ጎጃም ውስጥ፣ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ከብቱን በትኖ ወደ ዋሻ መሮጥ ነበር የሚያውቁት። ጣሊያን አርበኛ ያለበትን ቀበሌ ሁሉ ከላይ ሲደበድብ የኖረ ነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሞተሩን ገና ሳይሰሙ ጥላዋን አዩና ቀጥ አሉ። "ምንድን ናት?" አሉ። እትዬ "ይቺ የእኛ ናት እምዬ፣ አንበሳ ተስሎባታል" አሏቸው። አንበሳው ግን ለእምዬ አልታያቸውም፤ መንገዱም የተጀመረው በዚሁ ዓይን የተነሳ ነው። ጠጋ ብለው ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ገቡ።

ዳኮታ መሬት ላይ ስትቆም በጅራቷ ትቀመጣለች፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው። በኋላ በር ገብቶ ወደ ፊት መሄድ ማለት ዳገት መውጣት ነው። ግራና ቀኝ ግድግዳውን ይዞ የተዘረጋ የሸራ መቀመጫ አለ፤ መሃል ላይ በመረብ የታሰረ ጆንያ፣ የቆዳ ጥቅል፣ የፖስታ ከረጢት ተከምሯል። መንገደኛው ልክ እንደ ጠጅ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ በጭነቱ ላይ አሻግሮ ይጨዋወታል። ሆስተሷ ከረሜላ በሳህን ይዛ ዞረች፤ ጆሮ እንዳይደፈን ነው ብላ አስረዳች። እምዬ ጾም ነው፣ አልነካም አሉ። ከረሜላ ይጾማል አይጾምም የሚል ክርክር ተነሳ። በመጨረሻ ከጆንያው ማዶ ያሉ አንድ ቄስ ፈቀዱ።

ሞተሩ ሲነሳ ነጭ ጭስ ተፋ። አሥራ አራት ሲሊንደር በክብ የተደረደረበት ሞተር ነው፤ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርድና ሲነሳ ይነድዳል። ይህን የተማርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት እምዬ ነጠላቸውን አጥፈው አፍና አፍንጫቸውን ሲሸፍኑ ነው። ምን ሆኑ ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ በዚያ ሸራ ላይ ከተቀመጡት በእድሜ የገፉት ሁሉ ገብቷቸዋል።

ስትንደረደር መጀመሪያ የምትነሳው ጅራቷ ናት። ዳገት የነበረው ወለል በድንገት ሜዳ ይሆናል፤ ሰው በረርን ብሎ እልል ይላል፣ ጎማዎቹ ግን ገና መሬት ላይ ናቸው። እምዬ እልልታው ሲበርድ "ሹፌሩ የእኛ ልጅ ነው?" ብለው ጠየቁ። ሆስተሷ ሳቀችና አዎ አለች። ይህ መልስ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ቢሆን አይገኝም ነበር፤ መጀመሪያ አሜሪካውያን ናቸው ያበረሩት፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። እምዬ መልሱን ሰምተው ነጠላውን ከፊታቸው አወረዱ።

ዳኮታ እንደ ዛሬዎቹ ከደመና በላይ አትኖርም። ውስጧ በአየር ግፊት ስለማይሞላ ሰውና አውሮፕላን የሚተነፍሱት ያንኑ የውጭውን ስስ አየር ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ በትከሻው ታልፋለች፣ የገበሬው አውድማ ላይ በሬዎቹ ይቆጠራሉ። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ክንፍም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብሳል። አብራሪዎች ጠዋት ጠዋት መብረር የሚወዱት ለዚህ ነው። እኛ ግን የተነሳነው አርፍደን ነበር። ዓባይ ሸለቆ ላይ ስንደርስ ከበረሃው የሚወጣው ሙቀት አንዴ ወደ ላይ አጎነን፣ አንዴ ለቀቀን። እትዬ ሁሉንም ታቦት በየስሙ ጠሩ። እምዬ ግን ረጋ ብለው "ዓባይ ነው?" አሉ። በዓይናቸው አላዩትም፤ ሆዳቸው ነው የነገራቸው።

ቦሌ ወርደን አጎቴ እንዴት ነበር ሲላቸው "ይህን ሁሉ ሰው መጫን የምትችል ሆና፣ ጣሊያን ምን ሆኖ ነው ቦንብ ሲጭንባት የኖረው?" አሉት። አጎቴ አይሮፕላኑ ሌላ እንደሆነ፣ ይቺ አሜሪካ ሠራሽ እንደሆነች ሊያስረዳ ሞከረ። አልተቀበሉትም።

አሁን ወደ ሐሚልተን ልውሰዳችሁ። ማውንት ሆፕ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ የካናዳ የጦር አውሮፕላኖች ቅርስ ሙዚየም የምትበር ዳኮታ አለችው፤ በበጋ ከፍሎ መሳፈር ይቻላል። እሷ እውነተኛ ዘማች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አየር ኃይል ሥር ሆና በኖርማንዲው ዘመቻ ተሰልፋለች፣ ቁስለኛም መልሳለች። ልጆቼ ለልደቴ ትኬት ገዙልኝ። ገና በሩ ላይ ሽታው ያዘኝ፤ የሞቀ ዘይት፣ አሮጌ ሸራ፣ ፀሐይ የመታው ብረት። ዳገቷን ስወጣ እግሬ አልጠየቀኝም። ከጎኔ የተቀመጡ የአየር ኃይል ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ አስተዋሉኝና "ወታደር ነበርክ ወይ?" አሉኝ። የለም፣ በዚህች አውሮፕላን ትምህርት ቤት ነው የሄድኩት አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ እየጮህኩ፣ በሞተሩ ድምፅ ላይ፣ የቄሱንና የከረሜላውን ነገር ነገርኳቸው።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። ዳኮታ በዓለም ጦርነቱ ያሳለፈችው አራት ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ አሥርተ ዓመታት ሠርታለች፤ የካናዳ አየር ኃይል ራሱ እስከ 1989 እ.ኤ.አ. አልተለያትም፣ የእኛ አየር መንገድም ጄት ከገዛ በኋላ አገር ውስጥ ብዙ ዘመን በእሷ ሠርቷል። ሙዚየሙ ቀለም ሲቀባት ግን የመረጠው እነዚያን አራት ዓመታት ነው። አልወቅሳቸውም፤ የሞቱባቸውን የሚያስቡበት ነው፣ ገንዘብም የሚያዋጣው ዝክሩ ነው። ግን የፖስታ ከረጢቱንና የዓይን በሽተኛዋን ባልቴት የሚዘክር ዳኮታ የትም አላየሁም። እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል? በአገራችን የጦር ማመላለሻ ክንፍ በአብዛኛው ሰው ልብ የቀረው በሁለት ነገር ነው፤ በዳኮታና በ1977ቱ ረሃብ፣ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የጀርመን ትራንሳል ወደ መሬት ዝቅ ብለው የእህል ጆንያ ሲጥሉ።

ደግሞ ሌላ የሚቆጨኝ አለ። ሞጣ፣ ደብረ ታቦር፣ መካነ ሰላም በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያ መዝገብ ዛሬም ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላቸው፤ ሞጣ ኦ ቲ ኤ ናት። እንደ ዳኮታ የሣር ሜዳ የሚበቃው አውሮፕላን ሲቀር የሣር ሜዳዎቹም አብረው ቀሩ፤ ትልልቆቹ ከተሞች አስፋልት አገኙ፣ ትንንሾቹ መለያው ብቻ ቀረላቸው። ጎንደርና ላሊበላ የሚመላለሱት ኪው 400 አውሮፕላኖች፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የገቡት፣ የተሠሩት እዚሁ ቶሮንቶ ዳውንስቪው ነው። እዚህ ሰፈር ስንት ሰው ያውቀዋል? እኔ ታክሲ ስነዳ ፋብሪካው ደጃፍ ተሳፋሪ እያወረድኩ እንኳ አላውቅም ነበር።

እትዬ አሁን እዚሁ ፓርክዴል ናቸው፣ ከኪንግ ጎዳና ብዙም ሳይርቁ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመልሳቸው የሐሚልተኗን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸውና በሚመጣው በጋ ልውሰድዎት አልኳቸው።

"ያኔ በሰላም ልውረድ ብዬ ለጊዮርጊስ ጧፍ ተስያለሁ" አሉ፣ "አሁን ልወጣባት ገንዘብ ልክፈል?"

ትንሽ ቆይተው ግን ዋጋውን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"በዚህ ብር አዲስ አበባ ታደርሳለች?"