ትርጉም የሌለው ቃል

የዘፈን ዋጋው በግጥሙ ነው የሚለውን ሚዛን ከአባቶቻችን ወርሰነዋል። ሚዛኑም መልካም ነው፤ ሰምና ወርቅን ያቆየልን እርሱ ነውና። ሆኖም በዚህ ሚዛን የማይለካ አንድ የባሕር ማዶ ዘፈን አለ፤ ይኸውም «ኧርዝ፥ ዊንድ ኤንድ ፋየር» የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ጓድ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ያወጣው «ሴፕቴምበር» ነው።

ጓዱን በ1969 የመሠረተው ሞሪስ ኋይት ሲሆን፥ ዘፈኑን ከእርሱ ጋር የደረሱት ጊታር መቺው አል ማኬይና የግጥም ደራሲዋ አሊ ዊሊስ ናቸው። በአዝማቹ ውስጥ እየተመላለሰ የሚሰማው ድምፅ በእንግሊዝኛ ምንም ትርጉም የለውም። ዊሊስ ድምፁን በእውነተኛ ቃል እንዲተካው ብትለምነው፥ ኋይት እምቢ አለ። እርስዋም ግጥም የምቱን መንገድ እንዳይዘጋ መጠንቀቅን ከእርሱ እንደ ተማረች ኋላ መስክራለች።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቡሄ ልጆች «ሆያ ሆዬ» ሲሉ ቃሉን ፍቱልን ያላቸው ሰው የለም፤ ተቀባዩ ሁሉ እኩል የሚገባበት በር ነውና።

የዚህን በር ጥቅም በአሜሪካ በተጠራንባቸው የወገኖቻችን ሠርጎች አይተናል። እስክስታው ሲደምቅ አማርኛ የማይሰሙት እንግዶች ዳር ይይዛሉ፤ የእንግሊዝኛው ዘፈን ሲመጣ ደግሞ እናቶቻችን ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። «ሴፕቴምበር» ሲጀምር ግን በዚያ አገር የተወለደው የልጅ ልጅ አያቱን እጃቸውን ይዞ ያስነሣቸዋል። በሌላው ቀን እርሱ አማርኛው፥ እርሳቸው እንግሊዝኛው እየቸገራቸው በፈገግታ ብቻ የሚግባቡ ናቸው። በዚያች ሰዓት ግን ሁለቱም የማይፈቱትን አንድ ቃል በአንድ ትንፋሽ ይላሉ፤ ከሁለቱ ማንም ተርጓሚ አያሻውም።

ዘፈኑ የደስታ ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ ግጥሙን ልብ እንበል። ተናጋሪው ያለው በዲሴምበር ብርድ ውስጥ ነው፤ የሚያነሣው ያለፈውን የሴፕቴምበር ሌሊት ነው። ስለዚህ የሚያስጨፍረን ትዝታ ነው፤ ሽማግሌውም ወጣቱም የየራሱን ሌሊት ያስገባበታል።

ዘፈኑ በወጣ ስምንት ወር ሳይሞላው፥ በጁላይ 12 ቀን 1979 ዲስኮን የሚጠሉ ሰዎች በሺካጎ የቤዝቦል ሜዳ ተሰብስበው የዲስኮ ሸክላዎችን በፈንጂ አጋዩ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ለ2018 በመረጣቸው የድምፅ ቅርሶች መካከል «ሴፕቴምበር» አንዱ ሆነ። ኋይት በ2016፥ ዊሊስም በ2019 ዐረፉ፤ ዘፈኑ ግን ዛሬም ያስነሣል።

እንግዲህ የአባቶቻችን ሚዛን እንደ ጸና ይኑር። ነገር ግን ከጎኑ አንድ ሌላ ሚዛን ብናቆም አይከፋም እንላለን፤ ይኸውም ዘፈኑ ምን አለ ብቻ ሳይሆን፥ ማንን ከማን ጋር አስነሣ ብሎ መጠየቅ ነው።